ቤታችን የሰፋ ዕለት

እንጦጦ ላይ የነበረው ቤታችን ክብ ነበር፤ ትልቅም ነበር ይላሉ። እኔ ግን ትልቅነቱን አይቼው አላውቅም። ከበሩ እስከ ምሰሶው ለመድረስ ሆድን ስቦ፣ ጎንን አዙሮ መሄድ ያስፈልግ ነበር። በቀኝ በኩል አፋቸው የተሸረፈ ገንቦዎች፣ በግራ በኩል እህል ካየ የቆየ ጎታ፣ ከጎታው ላይ እንቅብ፣ ከእንቅቡ ላይ የተቀደደ ወንፊት። ከማገሩ ላይ የተንጠለጠሉት ስልቻዎች አባቴ በገባ ቁጥር ግንባሩን ይመቱታል። እኔ የምተኛው በሁለት ጋኖች መካከል በተነጠፈ አጎዛ ላይ ነበር። ሲበርደኝ ጋኑን እደገፋለሁ፤ ጋኑ ደግሞ ከእኔ ይብሳል።

ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አሁን ፀጉሬ ሸብቷል፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ያየሁትን ሁሉ ግን እንዳየሁት አስታውሰዋለሁ። ያልገባኝ ያየሁት ነገር ምን እንደነበር ነው።

አባቴ አካሉ ቤት ሠሪ ነበር። ግድግዳ ያቆማል፣ ማገር ያስራል፣ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በክዳን ሥራው ነው። በዚያ ዘመን መኳንንቱ የእንጦጦን ብርድ እየሸሹ ወደ ፍልውሃ መውረድ ጀምረው ስለነበር ሥራው ሁሉ ታች ሆነ። አባቴም ሰኞ ወርዶ ቅዳሜ ይመለሳል። እዚያው ለእኛም ቤት መሥራት ጀመረ። ቅዳሜ ማታ ሲገባ ስልቻው ግንባሩን ይመታዋል፣ ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀመራል።

«የማርያምወርቅ፣ ታች ያለው ቤት ክዳኑ ብቻ ነው የቀረው። ይህን ሁሉ ተሸክመን አንወርድም።»

«ያለ ዕቃዬ አልወርድም» ትላለች እናቴ።

«ይህ ምኑ ዕቃ ነው? ቂጡ የተነደለ እንስራ ምን ይሠራልሻል?»

«ተወው ብዬሃለሁ። ከቤቴ የሚወጣ ነገር የለም።»

ያኔ አባቴ ውጭ ወጥቶ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እናቴ የነካውን እንስራ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። እኔም በልጅ አእምሮዬ አሰብኩት፤ የሚጣሉት በገንቦና በስልቻ ነው፣ ገንቦውና ስልቻው ከወጣ ጥሉም አብሮ ይወጣል።

ዓለሙ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በፈንጣጣ ሞቷል። ይህን አውቅ ነበር፤ ማንም አልደበቀኝም። በዚያው ሰሞን ደግሞ በጓሮአችን ትልቅ እሳት ነዶ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ጎረቤቶች ራቅ ብለው ቆመው ነበር። እኔ ከሴቶቹ በአንዷ ጀርባ ላይ ሆኜ ደመራ መስሎኝ እጄን አጨበጨብኩ። ማንም አብሮኝ አላጨበጨበም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ወለተሥላሴ ከቡልጋ መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲያዩዋት ደስ የምትል ሴት ነበረች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸነፈጠችና «እኔን በየት በኩል ልታስገቢኝ ነው?» ብላ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

እኔ አክስቴ ቤት ልታጸዳልን የመጣች መስሎኝ ነበር። አባቴ ለምኖ እንዳስመጣት፣ «ሚስቴ እንደዚህ ሆና አብሬያት ልኖር አልቻልኩም፣ አንቺ ካልሆንሽ ማን ያናግራታል» ብሎ እንደላከባት የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ዕቃው መካከል ቆመች።

«ያንቺን ሆድ የሚያሳምመውን ዛሬ አንነካም» አለቻት። «ከማያምሽ እንጀምር። ይህ ወንፊት ያምሻል?»

እናቴ ወንፊቱን አየችው። «አያመኝም።»

«እንግዲያው ይውጣ?»

እናቴ ወንፊቱን ተቀብላ አገላበጠችው። ከዚያ «ለማን?» አለች።

አክስቴ ይጣል ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ አየኋት። መልሳ ዘጋችው። «ለፉፋ ሚስት» አለች። «ጫጩቶቿን ጭልፊት እየጨረሰባት ነው አላልሽኝም? ትድፋባቸው።»

«ለእሷ ከሆነ ይውጣ።»

ፉፋ ጎረቤታችን ነው፤ አህዮች አሉት፣ ከየካ እንጦጦ እህልና ጭራሮ ያመላልሳል። ወንፊቱን እኔው ሮጬ አደረስኩት። ሚስቱ እየሳቀች ወዲያውኑ ጫጩቶቹ ላይ ደፋችው። ተመልሼ ለእናቴ ነገርኳት፤ ጫጩቶቹ በቀዳዳው ምንቃራቸውን እንዳወጡ ሳይቀር። «በቀዳዳው?» አለች፤ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ሥራው እንደዚህ ሄደ። አክስቴ አንድ ጥግ ትይዛለች፣ ሌላውን ጥግ ቀና ብላ አታይም። አንድ ዕቃ ታነሳለች፤ እናቴ «ለማን?» ትላለች፤ አክስቴ ታስባለች። ቂጡ የተነደለው እንስራ ለንብ ቀፎ ሄደ። ጠንካራው ጀንዲ ለአንድ መንገደኛ መነኩሴ መኝታ ሆነ። ሰው ያልተገኘለት ዕቃ ሰው እስኪገኝለት ከበሩ አጠገብ ይከመራል። መጀመሪያ አካባቢ እናቴ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትወጣና ከክምሩ አንዱን አንስታ ትመልሰው ነበር። አክስቴ አይታ እንዳላየች ትሆናለች። በማግስቱ ያንኑ ዕቃ አንስታ እንደ አዲስ «ይህስ ያምሻል?» ትላለች።

አንድ ቀን ትልቁ ጎታ ሲነሳ ከሥሩ መሬት ወጣ። ርጥብና ጥቁር ነበር፣ ያደረ ውሃ ይሸታል። አክስቴ እበት አምጥታ ለቀለቀችው። ሲደርቅ ሄጄ በጀርባዬ ተጋደምኩበት፤ እጄንና እግሬን ዘረጋሁ፤ ምንም አልነካኝም። እናቴ ከላይ ሆና አየችኝ።

«ቤቴ ወለል ነበረው ለካ!» ብላ ሳቀች። በዚያ ቤት ስትስቅ የማስታውሰው ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ አባቴ መጣ። እንደለመደው ግንባሩን ዝቅ አድርጎ ገባ፤ የሚመታው ነገር አልነበረም። ቀስ ብሎ ቀና አለ። ምሰሶው ድረስ ሄዶ ምሰሶውን በመዳፉ ነካው፣ ራሱ ያቆመውን ምሰሶ። እናቴን አያት፣ እሷም አየችው። ያን ምሽት ማንም ማንንም አልተቆጣም። ገና ግማሹ ቀርቶ ነበር፤ በበሩ አጠገብ ያለውም ክምር ገና ሰው አልተገኘለትም።

በማግስቱ እሑድ ነበረ፣ የማርያምም ዕለት። እናቴና አክስቴ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። አባቴ ቀረ። እያፏጨ ነበር። ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ነይ ልጄ» አለኝ፣ «እናትሽ ስትመጣ ታይ።»

ከበሩ አጠገብ ያለውን ክምር በክንዱ እያቀፈ ወደ ጓሮ አወጣው። ክምሩ ሲያልቅ ወደ ውስጥ ገባ፤ አክስቴ ገና ያልደረሰችበትን ጥግ ማንሳት ጀመረ። የደረቁ አቁማዳዎች፣ የተበጣጠሱ እንቅቦች፣ የተጣመመ ሌማት፣ ያረጀ መጫኛ። እኔም የቻልኩትን እየጎተትኩ አገዝኩት። ከዚያ እሳት ለኮሰበት። የቆዳው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ጭሱ ወፍሮ በጽድ ዛፎቹ መካከል ወደ ላይ ወጣ። እኔ ዙሪያውን እዘላለሁ። አባቴ ላቡን እየጠረገ ይስቅልኛል።

እናቴ በአጥሩ በኩል ስትመጣ አየኋትና እየሮጥኩ ተቀበልኳት።

«እማዬ፣ ቤታችን ሰፋ!»

አልሰማችኝም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ሲነካ አላነሳችውም። እሳቱ ዘንድ ደርሳ ተንበረከከችና እጇን ወደ ፍሙ ሰደደች። አባቴ በትከሻዋ ስቦ አስለቀቃት። ከኋላ አክስቴ እያለከለከች ደረሰች።

«አካሉ! ዳግመኛ? ዳግመኛ ይህን ታደርጋለህ?»

«ቆሻሻ እኮ ነው!» አለ አባቴ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። «እናንተው አይደላችሁ ያወጣችሁት? እኔ ደስ ይላት መስሎኝ… ከልጁ አንዳች ነገር የለበትም! እኔ አውቃለሁ፣ ከልጁ ምንም የለበትም!»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ፤ መዳፏን እያየች። «ከልጄማ ምን አስቀረህልኝና።»

ደመራ የመሰለኝን እሳት የተረዳሁት ከዚህ ቀን ብዙ ዘግይቼ ነው። ደመራ በመስከረም ነው፤ ያ እሳት በጥር ነበር። ወንድሜ በተቀበረ ዕለት እናቴ ራሷን ስታ ወድቃ ሳለ፣ በሽታው ወደ እኔ እንዳይተላለፍ አባቴ ዓለሙ የለበሰውን፣ የተኛበትን፣ የነካውን ሁሉ አውጥቶ አቃጠለው። ያዘዙት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ትክክልም ነበሩ፤ እኔ በሕይወት ያለሁት ምናልባት በዚያ ምክንያት ይሆናል። እናቴ ከወደቀችበት ስትነሳ ግን ልጇን የምታሸትበት አንዲት እራፊ ጨርቅ አላገኘችም። ከዚያ ወዲህ ነው ከቤቷ ምንም የማይወጣው። የሚወጣ ከሆነም እሷ ቆማ፣ የማን እጅ እንደሚገባ አውቃ መሆን ነበረበት። አክስቴ ይህን በጥቂት ቀን ደርሳበት ነበር። አባቴ አልደረሰበትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎች መጡ። ከእነሱ ጋር የእናቴ የነፍስ አባት አባ ገብረማርያምና ከየካ የመጣው አጎቴ ከበበ ነበሩ። እኔ የጸዳውን ቤታችንን ሊያዩ የመጡ መሰለኝ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ወለሉን እንደገና ጠረግሁ። እነሱ ግን ሳይገቡ ውጭ በጽዱ ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

«ልጄ የማርያምወርቅ» አሉ አባ ገብረማርያም፣ «እንደገና አስቢበት። ሰውየው ይቅርታ ብሏል።»

«ይቅር ብዬዋለሁ አባ። አብሬው መኖር ግን አልችልም። እሳት በጫረ ቁጥር እደነግጣለሁ።»

አባቴ መሬቱን በእንጨት ይጭራል። ምን ትላለህ ሲሉት «እንደፈቀደች» አለ።

«እንግዲህ እምቢ ካለች» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ «ምን ይደረጋል፤ ይፈታ።»

በበሩ አጠገብ አክስቴ በመጫኛ ጠፍራ ያሰረችው የዕቃ እስር ነበር። ይፈታ ሲሉ እሱን መሰለኝ። ሮጬ ሄድኩና ቋጠሮውን በጥርሴም በጥፍሬም ታግዬ ፈታሁት። «ፈታሁት!» ብዬ ጮህኩላቸው። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑ። አቧራ የገባባቸው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ዕቃው እየወጣ ለሁለት ይቀመጥ ጀመር። ለእሷ አንድ ጋን፣ ለእሱ አንድ ጋን። ለእሷ አጎዛ፣ ለእሱ አጎዛ። በሕይወቴ እንደዚያ ሥርዓት ያለው የቤት ማስተካከል አይቼ አላውቅም ነበር። የጀመርነውን ሥራ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እየጨረሰልን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ገንቦዎቹን በቁመታቸው አሰለፍኳቸው። እንቅብ አንስቼ «ይህስ ወዴት ይሁን?» እላለሁ፤ አንዱ በጣቱ ያሳየኛል፤ ማንም ተይ አላለኝም። አክስቴ ብቻ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ቆማ ነበር።

ሁሉም ሲያልቅ አጎቴ ከበበ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅቷስ?»

ሁለቱ ክምሮች መካከል ቆሜ ነበር።

«ከአባቷ ጋር ትውረድ» አለች እናቴ። «እኔ ዘንድ አትምጣ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ እሱም የገባኝ ተጣሞ ነው። እናቴ ገንቦዎቿን ወስዳ እኔን ልትተወኝ ነው። ለአንድ ቀዳዳ ወንፊት «ለማን?» ያለች ሴት፣ እኔን አላንገራገረችም።

ፉፋ አህዮቹን አምጥቶ የእሷን ድርሻ ጫነ። እግሯ ሥር ሄጄ ቀሚሷን ያዝኩ። አጎንብሳ ትስመኛለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ኋላ አለች፤ እጇን እንኳ ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችም። ፉፋ ብድግ አድርጎ ከአህዮቹ መካከል አወጣኝ። «ኮቱ፣ ነይ ልጄ፣ ይረግጥሻል» አለኝ። አህዮቹ በምሥራቅ በኩል ባለው ቁልቁለት ወደ የካ ወረዱ። እኛ በማግስቱ በደቡቡ ወረድን።

የፍልውሃው ቤታችን ሰፊ ነበር። አባቴ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀመጠበት፤ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር። እኔ መሃል ወለሉ ላይ ተኝቼ ዙሪያዬን በእጄ እዳስሳለሁ፤ የምደገፈው ጋን አጥቼ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። አክስቴ ወደ ቡልጋ ሳትመለስ ቀረች። እኔን አሳደገችኝ።

በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ወደ የካ ይዛኝ ትሄዳለች። እናቴ በሴቶች በኩል ራቅ ብላ ትቆማለች። ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ በአክስቴ እጅ ትልክልኛለች። አትጠጋኝም። እኔም ቆሎውን አልበላም ነበር፤ ለሌሎች ልጆች እሰጠዋለሁ።

አንድ ዓመት ላይ አክስቴ ቆሎውን ስበትን አየችና እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። «አሁን ትልቅ ሆነሻል፣ ስሚኝ» አለች። እናቴ ዓለሙ ከመታመሙ በፊት ለለቅሶ ሄዳ ነበር። ልጃቸው በፈንጣጣ የሞተባቸውን ሰዎች አቅፋ አልቅሳ፣ ተመልሳ ዓለሙን አቀፈችው። በሽታውን በእጄ አመጣሁበት ብላ አመነች። ማንም ሊያስተዋት አልቻለም። «የቀረችኝን ደግሞ በዚሁ እጄ አልነካም ነው ያለችኝ» አለች አክስቴ። «አንቺን የሰጠችው ለእኔ ነው። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ በዋዜማው ማታ ጠይቃኛለች፤ ለማን እንደምትሰጥሽ ሳታውቅ አልሰጠችሽም።»

በቀጣዩ ኅዳር እናቴ ዘንድ ራሴ ሄጄ እጇን ሳብኩት። ልትሸሽ አለች፤ አልለቀቅኳትም። መዳፏ ላይ የእሳቱ ጠባሳ ነበረበት። ቆመን ሁለታችንም አለቀስን፤ ሰው እያየን።

ከዚያ ከብቱ አለቀ፤ ረሃቡም መጣ። ከየአገሩ የተሰደዱ ሰዎች በየካ በኩል ያልፉ ነበር፤ ውሃ የሚቀዱበት ቅል እንኳ ያልያዙ። እናቴ በአጎቴ ግቢ በተሰጣት ትንሽ ጎጆ ውስጥ ዕቃዋን እስከ ጣሪያ ከምራ ነበር የምትኖረው። በራፏ ላይ ስማቸውን ትጠይቃቸዋለች፤ ከየት እንደመጡ፣ ስንት ልጅ እንደቀበሩ ትጠይቃቸዋለች። ከዚያ ገንቦ ትሰጣቸዋለች፣ አጎዛ ትሰጣቸዋለች፣ እህሏንም ከነቁናው ትሰጣለች። አጎቴ ለአክስቴ እንደነገራት፣ ከልክሏት ነበር፤ «የምሰጠውን ሰው አይቼዋለሁ» ብቻ ነው ያለችው።

በሽታ ከረሃቡ ኋላ ተከትሎ ሲመጣ ያዛት። ተልኮብን ከአክስቴ ጋር ስንደርስ ጎጆዋ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የተኛችበት አጎዛ፣ አንድ እንስራ፣ አንድ ቅል። ወለሉ የተለቀለቀ ነው። ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች፤ አክስቴ እንዳልጠጋ ልትይዘኝ ብትሞክር አልፌያት ሄድኩ። ጥቂት ቀን አስታመምናት። የካ ሚካኤል ተቀበረች። እኔን በሽታው አልነካኝም።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አባቴ መጣ። ከታች በእግሩ ነው የመጣው፤ ጫማ የሌለው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ነበር። ጎንበስ ብሎ ገባና መደቡ ላይ ተቀመጠ። ባዶውን ጎጆ ዙሪያውን አየው፤ ጣሪያውን አየ፣ ጥጉን አየ። እኔ ክዳኑን የሚመረምር መስሎኝ ነበር።

«ዕቃዋን አይታችሁ ጨረሳችሁ?» አለኝ።

«ምንም የለም አባባ። ሁሉንም ሰጥታ ነው የሞተችው።»

ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ጥግ ጥጉን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከልጁ… የተረፈ ነገር አላገኛችሁም? ያን ቀን ምናልባት አንዲት ነገር ደብቃብኝ እንደሆነ ብዬ ነው። እኔ እኮ ምንም አላስቀረሁም።»

«አላገኘንም» አልኩት።

ስለ አባቴ እስከዚያ ቀን የማውቀው የሚያቃጥል ሰው መሆኑን ብቻ ነበር። አሁን ግን በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጦ አየሁት።

«የፊት ጥርሶቹ መካከል ክፍተት ነበረው» አለ። «ሲስቅ ምላሱን በዚያ ያወጣ ነበር። ታስታውሺዋለሽ?»

ወንድሜን አላስታውሰውም ነበር። ፊቱን ለማምጣት ስንት ጊዜ ሞክሬ አልመጣልኝም።

«አስታውሳለሁ» አልኩት።

«አይደል?» አለ አባቴ፤ ወደ እኔ ዞረ። «ደግሞ ግራኝ ነበር። እናትሽ በቀኝህ ብላ ስትለው…»

አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ እሱም ነገረኝ።